ሰርካለምና የኤግዚቢት ወፎቹ

ሰርካለም ገብረማርያም የከብት ሰው ነበረች። በሬ ከሩቅ ሲራመድ አይታ የቱ እግሩ እንደታመመ ትናገራለች፤ የግመል አፍ ከፍታ መድኃኒት ስትግት እጇ አይንቀጠቀጥም። ስለ ወፍ ግን ምንም አታውቅም ነበር። እኔ አስተማሪ፣ እሷ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሆነን መተማ ዮሐንስ ውስጥ አንድ ግቢ ተከራይተን ስለኖርን፣ የደረሰባትን ሁሉ ያየሁት በቅርብ ነው።

የተወለደችው አብርሃ ጅራ አጠገብ ነው። አባቷ ከዳባት ወርደው ጫካ መንጥረው ያቀኑ የሰሊጥ ገበሬ ነበሩ። አንድ ክረምት፣ አረሙ በተፋፋመበት ሰሞን፣ ትኩሳት ያዛቸው። ለማንም አልተናገሩም። «ቆላ አይደል፣ ሰውነት ይሞቃል» እያሉ፣ ከደጋ ለቀን ሥራ ከወረዱት ሳሉጎች እኩል አጎንብሰው ሲያርሙ ከረሙ። ጣፊያቸው አብጦ ሆዳቸውን ሲገፋው እንኳ ቀበቷቸውን አላልተው ነበር የሚውሉት። የወደቁ ቀን ካላዛር ነው ተባለ፤ ከዚያ በኋላ አልተነሡም። ሰርካለም ያኔ ዘጠነኛ ክፍል ነበረች። ነርስ ልሆን ብላ ተመኝታ የደረሳት የእንስሳት ጤና ሆነ። «ይሻላል፣ በሬ ሲያመው አይዋሽም» እያለች ትስቅ ነበር።

ነገሩ የጀመረው በግንቦት ነው። ከሰዓት በኋላ ፖሊሱ ስንሻው አንድ ፒካፕ አስከትሎ ከምትሠራበት ክሊኒክ በር ላይ ቆመ። ድንበሩን አልፎ ወደ ሱዳኗ ገላባት ሊሻገር የነበረ አይሱዙ ኬላ ላይ ሲፈተሽ፣ ከድንች ጆንያ ሥር የሽቦ ሳጥን ተደርድሮ ተገኝቷል። ሹፌሩ መኪናውን ጥሎ ጫካ ገብቷል። ሰርካለም ሸራውን ገለጠችው። አረንጓዴ በቀቀኖች ክንፍ ለክንፍ ተጣብቀው ታጭቀዋል፤ በሌላው ሳጥን ቀያይ ድንቢጦች፤ ጎኑ በተበሳ ቆርቆሮ ውስጥ ደግሞ ጡጫ የሚያህሉ፣ እንደ ኳስ የተጠቀለሉ ትንንሽ ጃርቶች።

«ሰርኬ፣ ተረከቢ። ፍርድ ቤት ትእዛዝ እስኪሰጥ ኤግዚቢት ናቸው» አላት ስንሻው።

«እኔ እኮ ወፍ አክሜ አላውቅም።»

«ዶሮ ታክሚ የለም እንዴ?»

«ዶሮ ሌላ ነው።»

«ላባ ያው ላባ ነው» አለና ሳጥኖቹን ማውረድ ጀመረ።

ሰርካለም ደግነት የመሰላትን ሁሉ አደረገች። ሳጥኖቹን ነፋሻ ነው ብላ ከበሩ አጠገብ ካለው የኒም ዛፍ ሥር አስቀመጠቻቸው። ወሬው ሲሰማ የሰፈሩ ሰው ግልብጥ ብሎ መጣ፤ ስልክ እያወጣ የሚያነሣው፣ በሽቦው ጣቱን የሚሰደው፣ የሚያፏጨው። እሷ ስኳር በውሃ በጥብጣ፣ በሲሪንጅ ቀድታ፣ አንድ በአንድ እያወጣች ታጠጣ ገባች። የመጀመሪያዋን ድንቢጥ ደረቷ ላይ አስጠግታ ያዘቻት። ወፏ አፏን ከፈተች። ልትጠጣ ነው ብላ ሰርካለም ደስ አላት። ወዲያው የወፏ ራስ ወደ ጎን ዘንበል አለ፤ በቃ። ሁለተኛዋም እንዲሁ። በቀቀኖቹን ስታወጣ ነከሷት፣ ታገሏት፤ ወደ ሳጥኑ ስትመልሳቸው አፋቸውን ከፍተው ሲያለከልኩ ቆይተው አንዳንዶቹ ወለሉ ላይ ተዘረሩ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የድንቢጦቹ ሳጥን ታች በቀይ ላባ ተሸፍኖ ነበር።

የመሥሪያ ቤቷ ኃላፊ አቶ አዛናው አፍንጫቸውን በመሐረብ ይዘው መጡ። «የወፍ ጉንፋን እንዳይሆን! አቃጥያቸው» አሏት። እሷ ግን ከሞቱት ሁለቱን በምላጭ ከፍታ አየች። የበሉት ማሽላ ከጉሮሯቸው ሥር እንዳለ ነው። ቁስል የለ፣ እብጠት የለ። ምን እንደገደላቸው የሚያሳይ ነገር አጣች።

በማግሥቱ ጎንደር ያሉትን የቀድሞ መምህሯን ዶክተር ምስጋናን ልታማክር ፈለገች። ኔትወርክ የሚገኘው ከከተማው ዳር ካለው ጉብታ ላይ ስለነበር አብሬያት ወጣሁ። ድምፁን ከፍ አድርጋው ስለነበር ሁሉንም ሰምቻለሁ። ዶክተሩ ሳያቋርጧት አዳመጧት።

«ውሃውን ስትሰጪያት የት ይዘሻት ነበር?» አሏት።

«በእጄ ነዋ፣ ደረቴ ላይ አስጠግቼ።»

«ሰው እየተመለከተ?»

«አዎ ዶክተር።»

«ሰርካለም፣ አትቀየሚኝ። አንቺ ለእሷ ሐኪም አይደለሽም፤ ጭልፊት ነሽ። የዱር ወፍ ስትያዝ የምታውቀው አንድ ነገር ነው፤ ልትበላ መሆኑን። ያኔ ሰውነቷ ያለውን ስንቅ ሁሉ ለሽሽት ያወጣል። ልቧ ይሮጣል፣ ደሟ ሆዷን ትቶ ወደ ክንፏ ይሄዳል፣ በደሟ ያለው ስኳር ይነዳል። ካመለጠች ያ ነገር ነው የሚያድናት፤ ቅርንጫፍ ላይ ታርፍና ይበርድላታል፣ ትበላለች። ማምለጫ ካጣች ግን እሳቱ የሚበላው እሷኑ ነው።»

«እና ምን ላድርግላቸው?»

«ምንም። ከባዱ እሱ ነው። ጨለማ ቤት፣ ፀጥታ፣ ውሃ። አትያቸው፣ አታናግሪያቸው። ካልቸገረሽ በቀር አትንኪያቸው።»

«የታመመውን ከጤነኛው በምን ልለየው ታዲያ?»

«መለየቱ ይቸግርሻል። ጭልፊት ከመንጋው መሀል የሚመርጠው ደካማውን ነው። ስለዚህ የታመመች ወፍ አቅም እስካላት እንደ ጤነኛ ቀጥ ብላ ትቀመጣለች። ሕመሟ ለአንቺ በታየሽ ጊዜ ብዙውን ጊዜ ረፍዷል።»

ሰርካለም ስልኩን ዘግታ ጉብታው ላይ ቁጭ አለች። «እንደ አባዬ» አለች። ከዚያ ወረድን።

በግቢያችን ሣር ክዳን የሆነ፣ በጭቃ የተመረገ ባዶ ቤት ነበር። ከእኛ የቆርቆሮ ክፍሎች ይልቅ እሱ ይቀዘቅዛል። አቶ አዛናው ከክሊኒኩ ይውጡልኝ ማለታቸውን ምክንያት አድርጋ የቀሩትን ወደዚያ አመጣቻቸው። ያኔ ነው ሳሚያ የገባችበት።

ሳሚያ የሦስተኛው ክፍል ተከራይ ናት። ገላባት ገበያ ውስጥ ስላደገች አማርኛ ትናገራለች። ካርቱም አግብታ ስትኖር ጦርነቱ ሲነሣ ከሰው ጋር ተሰዳ መጣች። ባሏ «ሱቁን ዘግቼ እደርስባችኋለሁ» ብሎ ቀረ፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁ ጠፋ። እኛ ጋ ስትኖር ስታለቅስ ያያት የለም፤ ስትስቅም። ጠዋት ትነሣለች፣ ደጇን ትጠርጋለች፣ ረኩባው ሥር፣ ማለትም ከሣር ከተሠራው ዳስ ሥር፣ ትቀመጣለች። ጎረቤቱ ሁሉ «ምን ያለች ጠንካራ ሴት ናት፤ ለመደችው እኮ» እያለ ያደንቃታል።

ያን ቀን ማንም ሳይጠይቃት ተነሣች። ጆንያ በውሃ ነክራ መስኮቱ ላይ ሰቀለች። ክፍሏ ውስጥ የነበረውን ዚር፣ ያን ውሃ እያላበ የሚያቀዘቅዘውን የሸክላ ጋን፣ እያንከባለለች አምጥታ ከሳጥኖቹ አጠገብ አቆመችው። ከዚያ በሩን ገርበብ አድርጋ ደጁ ላይ ተቀመጠች።

«ማንም አይገባም» አለች። «እኔ እጠብቃለሁ። ዝም ማለት እችላለሁ።»

ሞቱ ቀነሰ። ሰርካለም ጠዋት እህልና ውሃ በፍጥነት አስገብታ፣ ዓይኗን ወደ መሬት አድርጋ ትወጣለች። ከዚያ በኋላ የምታውቀው በጆሮዋ ብቻ ነው፤ ግድግዳው ላይ ተለጥፋ ታዳምጣለች። ሳሚያ ከግቢው ጀርባ ካለው ኩይሳ ምስጥ ቆፍራ ለጃርቶቹ ታስቀምጥላቸው ነበር። አንድ ማለዳ ሰርካለም የክፍሌን በር ደበደበችው።

«ጮኹ! በቀቀኖቹ ጮኹ! እርስ በርሳቸው ተጠራሩ እኮ!»

ሦስታችን ደጁ ላይ ቆመን ሰማናቸው። ጃርቷም ተዘርግታ ምስጡን ጠርጋ በልታ አድራለች። ሰርካለምን ከልቧ ስትደሰት ያየኋት ያን ጠዋት ነው። እንዲያው ደስታዋ ሳይበርድባት ልብሷን ቀይራ ይለቀቁ የሚል ትእዛዝ ልትጠይቅ ሄደች።

ትእዛዝ የሚሰጥ ግን ጠፋ። ዳኛው ተቀይረዋል፣ አዲሱ ገና አልመጡም። የጎንደር መንገድ በተኩስ ምክንያት ተዘግቷል። ሹፌሩም አልተያዘም። «ተከሳሽ ሳይገኝ ኤግዚቢት አይለቀቅም» አላት አንዱ የፍርድ ቤት ሠራተኛ። «ኤግዚቢቱ እኮ ይሞታል» አለችው። «እሱን በደንብ የመጠበቅ ኃላፊነት የአንቺ ነው» አላት። በሳምንቱም ተመላልሳ የተመለሰላት ይኸው ነው።

አንድ ቀን አቶ አዛናው ሊጎበኙ መጡ። ሳሚያ ከደጁ ልትነሣላቸው አልፈለገችም፤ እሳቸው ግን አልፈዋት በሩን ወለል አድርገው ከፈቱት። ብርሃኑ ሳጥኖቹ ላይ ወደቀ። አንድ ክንፍ አልተንቀሳቀሰም። በቀቀኖቹ በተርታ ተቀምጠው ዓይናቸውን አፍጥጠው ቀሩ።

«ይኸው!» አሉ አቶ አዛናው ደስ ብሏቸው። «ለምደውሻል። አንቺ ደግሞ ይሞታሉ እያልሽ ሰውን ታስጨንቂያለሽ። እንዲያውም ሁለቱን ለቢሮው ግቢ ብናስቀራቸው ያምራሉ።»

«መልመድ አይደለም አቶ አዛናው» አለች ሰርካለም። «መጀመሪያ ሰው ሲያዩ ሽቦውን ይመቱ ነበር፤ ይነክሱኝ ነበር። አሁን መሸሹንም ትተውታል። ተስፋ የቆረጠ ነው እንዲህ ዝም የሚለው።»

ሳሚያ ከተቀመጠችበት ተነሣች። ወደ ክፍሏ ገብታ በሩን ከውስጥ ቀረቀረችው። ያን ቀን ተመልሳ አልወጣችም።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ቁልቁል ሄደ። ድንቢጦቹ በዚያ ሙቀት፣ ሰው ላቡ በሚንቆረቆርበት ቀን፣ እንደበረዳቸው ላባቸውን ነፍተው ኳስ ይመስሉ ጀመር። በቀቀኖቹ የገዛ ደረታቸውን ላባ እየነቀሉ ቆዳቸው ወጣ። ጃርቶቹ ተጠቅልለው ምስጡን መንካት ተዉ። ሰርካለም እንደገና ጉብታው ላይ ወጥታ ደወለች።

«ትንሽ እንስሳ ብዙ ስንቅ አይዝም» አሏት ዶክተር ምስጋና። «ድንገተኛ ድንጋጤን ትችለዋለች፤ ለዚያ ነው የተሠራችው። የከረመ ፍርሃት ነው የማትችለው። በመጀመሪያ ስቧን ይጨርሳል፣ ቀጥሎ ሥጋዋን። በኋላ በሽታ የምትከላከልበት አቅም ይላላና፣ ድሮም ከእሷ ጋር የነበረ ተራ ተውሳክ ይጥላታል። ጃርቷ ሌላ ዘዴ አላት፤ ክፉ ቀን ሲመጣባት የሰውነቷን ሙቀት ቀንሳ ትተኛለች፤ ቀኑ ሲያልፍ ትነቃለች። ግን ለመንቃትም ስንቅ ያስፈልጋል።»

«ካላለፈስ?»

«ካላለፈማ እንደተኛች ትቀራለች ልጄ።»

በዚያ ላይ ውሃ ጠፋ። መንገዱ ስለተዘጋ ለጄኔሬተሩ ነዳጅ አልመጣም፤ ጉድጓዱ ሳይሳብ ቀረ። አህያ ጭኖ የሚመጣውን ጀሪካን ሰው ይሻማበታል። የመስኮቱ ጆንያ ደረቀ። ሳሚያ ለራሷ የተቀዳላትን ውሃ ዚሩ ውስጥ ስትገለብጥ አይቻታለሁ። «አንቺስ ምን ትጠጫለሽ?» ስላት «አልጠማኝም» አለችኝ። ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ ነበር። በየጠዋቱ ሰርካለም በባልዲ የምታወጣው ሬሳ እየበዛ መጣ። ከግቢው ጀርባ ትቀብራቸዋለች፤ ቆይታ ግን መቅበሩም ሰለቻት መሰለኝ፣ ዝም ብላ ማቃጠል ጀመረች።

ትእዛዙ የመጣው በሰኔ፣ ዝናብ ከጣለ በኋላ ነው። የቀሩትን በባጃጅ ጭነን ወደ ጓንግ ወንዝ ዳር ሄድን፤ እሷ፣ ሳሚያ፣ እኔና ስንሻው። ስንሻው ሲለቀቁ ፎቶ አንሥቶ ማቅረብ ነበረበት። ሳጥኖቹ ተከፈቱ። የወጣ የለም።

«እንራቅላቸው» አለች ሰርካለም። ርቀን ከግራር ሥር ተቀመጥን።

ብዙ ቆይቶ አንድ በቀቀን ወጣ። ዛፍ ላይ ደርሶ አንዴ ጮኸ፤ መልስ ጠበቀ። ሁለተኛው ተከትሎት ሲነሣ ዝቅ ብሎ በረረና ሣሩ ውስጥ ወደቀ። ላባ አልቆበታል። ድንቢጦቹ ከሳጥኑ ደፍ ዘለው ወረዱና መሬት ላይ ቆሙ፤ በቃ፣ ቆሙ። ከወንዙ ማዶ ሲያንዣብብ የነበረ ጭልፊት መጣ። ሰርካለም እየጮኸች ሮጠች፤ ጩኸቷ ግን ድንቢጦቹን ይበልጥ አደነዘዛቸው እንጂ ጭልፊቱን አላባረረውም። ደጋግሞ ተመላለሰ።

ስንሻው ፊቱን አዙሮ ስልኩን ይነካካ ነበር። «ፎቶው... የመጀመሪያው በደንብ ወጥቷል» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። በሪፖርቱ ላይ የዱር እንስሳቱ በሰላም ወደ ተፈጥሯቸው ተመልሰዋል ተብሎ እንደተጻፈ በኋላ ሰማን።

የመጨረሻዋ ጃርት እንደተጠቀለለች ነበረች። ሳሚያ በሻሿ ይዛ ወስዳ ቁጥቋጦ ሥር አኖረቻትና ቅጠል አለበሰቻት።

«በሕይወት አለች?» አልኳት።

«ተያት» አለችኝ።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ሳሚያ ምግብ ቀነሰች። የምናቀርብላትን ታመሰግናለች፣ ትንሽ ትቆርሳለች፣ ትተወዋለች። ሰርካለም ጤና ጣቢያ ወሰደቻት። ደሟ ታየ፣ ወባ ተመረመረ፤ «ምንም የለባትም» ተባለ። ሰርካለም ከዚያ በኋላ እንደ ሌላው ሰው «ደህና ነሽ ወይ? በርቺ እንጂ» ማለቱን ተወች። ከሥራ ስትመለስ ረኩባው ሥር ከሳሚያ አጠገብ ትቀመጣለች። ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ወደ አጥሩ ያያሉ።

አንድ ቀን ልብስ ሳሰጣ ሳሚያ ስትናገር ሰማኋት። «ሰርካለም፣ እኔ ለምጄው አይደለም።»

«አውቃለሁ» አለቻት።

ያ ብቻ ነበር ንግግራቸው። በሐምሌ፣ ባሎቻቸውን ሊፈልጉ ከሚመለሱ ሴቶች ጋር ሳሚያ የድንበሩን ድልድይ በእግር ተሻገረች። ሰርካለም እንድትቀር እየለመነቻት እስከ ኬላው ሸኘቻት። «ሰው ገዳሪፍ አይተነዋል ይላል» አለቻት ሳሚያ። እነማን እንዳዩት አልተናገረችም። የሰጠችን ስልክ ቁጥር አንድ ቀን ጠርቶ አያውቅም።

በጥቅምት ስንሻው ሰው ልኮ አስጠራት፤ ሌላ መኪና ተይዟል፣ ሹፌሩም አብሮ። ከትምህርት ቤት ስመለስ መንገድ ላይ አገኘችኝና አብረን ሄድን። በቀቀኖች ነበሩ። ገና መያዛቸው ነው፤ ይጮኻሉ፣ ሽቦውን በምንቃራቸው ይነክሳሉ፣ ይማታሉ። ሰርካለም ጠጋ ብላ ቆመች።

«እነዚህ ገና አልሞቱም» አለች።

ከመኪናው የመፍቻ ሣጥን ፒንሳ አወጣች። የመጀመሪያውን ሽቦ ስትቆርጥ ስንሻው ክንዷን ያዛት። «ሰርኬ፣ ምን ነካሽ? ኤግዚቢት እኮ ነው! እኔንም ታስበይኛለሽ!»

«ያለፈውን አብረን አይተናል ስንሻው።»

ለቀቃት። ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ። እሷም ሽቦውን እስከ ታች ቆረጠችው። አረንጓዴው መንጋ በአንድ ጊዜ ፈንድቶ ወጣና ከኬላው በላይ አልፎ ወደ ጫካው ሄደ። ታች የቀሩም ነበሩ፤ በጉዞው ተረጋግጠው የሞቱ። እኔ የበረሩትን እያየሁ ደስ ብሎኝ ነበር። ማታ ደውላ ስትነግራቸው ዶክተር ምስጋና አላሞገሷትም። «ምናልባት ጥቂቱ» ብቻ አሏት። «ተይዞ የተለቀቀ ወፍ ላዩ ጤና መስሎ ውስጡ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። ከቀናት በኋላም ይወድቃል፤ ማንም በማያየው ቦታ።»

ፍርድ ቤት የቀረበው ሹፌር «ወፍ? የምን ወፍ?» አለ። የተገኘ ኤግዚቢት የለም፤ የሞቱት ጥቂቶች ቢቀርቡም አይበቁም ተባለና በነፃ ተለቀቀ። በሳምንቱ ያው መኪና በከተማችን ሲያልፍ አየነው። ሰርካለም መንገዱ ዳር ቆማ አቧራው እስኪጠፋ ድረስ በዓይኗ ተከተለችው። ስንሻው ከኬላው ተነሥቶ ሌላ ቦታ ተመደበ። እሷ ላይ ደግሞ ኮሚቴ ተቀመጠባት። «ልቤ አልቻለም» ከማለት ሌላ መከላከያ አላቀረበችም። ለማስጠንቀቂያ የተሰጣት ቅጣት ራቅ ወዳለችው ገለጉ መዛወር ሆነ።

ፍራሿንና አንድ ሻንጣ ይዛ፣ ከጭነት መኪና ላይ ከሰው ጋር ተጭና ሄደች። ክፍሏን አሁን አንድ የጉምሩክ ሠራተኛ ተከራይቶታል፤ ጥሩ ሰው ነው፣ ማታ ማታ ሬዲዮ ይከፍታል።

ባለፈው ሚያዝያ ኔትወርክ አግኝታ ደወለችልኝ። ክትባትና መድኃኒት ከጨረሰች ከርማለች፤ አዲስ አይመጣም፤ መንገዱ ዝግ ነው። ገበሬዎቹ ግን ከብቶቻቸውን እየነዱ ከሩቅ ይመጡባታል። ጠዋት በሯን ስትከፍት ተሰልፈው ታገኛቸዋለች።

«ታዲያ ምን ትያቸዋለሽ?» አልኳት።

«ምን እላቸዋለሁ። ወጥቼ ከብቱን አየዋለሁ፤ ጥርሱን፣ ዓይኑን። የሚሞተው ይታወቀኛል። ከዚያ ተመልሼ እገባለሁ። እነሱ ደግሞ መድኃኒቱን ላመጣ የገባሁ ይመስላቸዋል፣ በሩን እያዩ ይጠብቁኛል።»

ሌላም ነገር ልትነግረኝ ጀምራ ነበር፤ መስመሩ ተቋረጠ። መልሼ ብደውል አልጠራም።